ምድር ስትንቀጠቀጥ ማን ምን ይናገር? ከላኲላው ችሎት የምንማረው

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ባለው የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ የተነሣ፣ መጠኑ ከ5.5 የሚበልጥ የመሬት መንቀጥቀጥ የመዲናይቱን ነዋሪዎች ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሰ። በግቢያችን የመኖሪያ ሕንጻዎች የሚያድሩ ተማሪዎችም ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ወደ ኳስ ሜዳው ወጡ። በማግሥቱ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በኮሪደር አስቆመችንና «መምህር፣ ዛሬ ማታ ዶርም ውስጥ ብናድር ምንም አይደል?» ስትል ጠየቀችን። እኛም ሳናመነታ «አትጨነቂ፤ ትንንሽ ንዝረቶች መደጋገማቸው መልካም ነው፤ የታመቀው ጉልበት ጥቂት በጥቂት እየወጣ ነው» ብለን መለስንላት። ተማሪዋ አመስግናን ሄደች።

መልሳችን ስሕተት ነበር። ስሕተትነቱን ለማወቅ የርዕደ መሬት ሊቅ መሆን አያሻም፤ እኛው ራሳችን ለዚያች ተማሪ የምናስተምራት ፊዚክስ ይበቃል። ከዚህም የሚከፋው፣ ይኸው ቃል ከዓመታት በፊት በአንዲት የኢጣሊያ ከተማ በአንድ ባለሥልጣን አንደበት ተነግሮ፣ ሳምንት ሳይሞላ ከተማይቱ የፈረሰች መሆኗና ነገሩም እስከ ወንጀል ችሎት የደረሰ መሆኑ ነው። የዚያን ችሎት ታሪክ ቀደም ሲል እናውቀው ነበር፤ ነገር ግን በሚገባ አላነበብነውም። በዚህ ጽሑፍ የፊዚክስ፣ የምሕንድስና፣ የሥነ ሰብእና የሕግ ዕውቀት በአንድ አዳራሽ የተፋጠጡበትን ያን ጉዳይ ለመመርመር እንሞክራለን።

የላኲላ ሳምንት

ላኲላ በማዕከላዊ ኢጣሊያ፣ በአፔኒን ተራሮች መካከል የምትገኝ የአብሩትሶ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። በ1349፣ በ1461 እና በ1703 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታለች፤ በተለይ በመጨረሻው ጊዜ ፈጽማ ፈርሳ እንደገና የተሠራች ናት። ከዚያው ክፍለ ሀገር ብዙ ሳትርቅ የምትገኘው አቬዛኖ በ1915 እ.ኤ.አ. ስትፈርስ በአካባቢው ወደ 30000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሕዝብ ደግሞ የራሱ የሆነ ልምድ አለው፦ መሬት በሌሊት ከተንቀጠቀጠች ልጆችን አስነሥቶ፣ ካፖርት ደርቦ ወደ አደባባይ መውጣትና እዚያው ማንጋት።

ከ2009 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ በከተማይቱ ዙሪያ ትንንሽ ንዝረቶች ይደጋገሙ ነበር። በዚህ መካከል አንድ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ከመሬት የሚወጣውን የራዶን ጋዝ በመለካት ታላቅ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ነው እያለ ማስጠንቀቅ ጀመረ። የራዶን መጠን ከርዕደ መሬት በፊት አንዳንድ ጊዜ እንደሚለዋወጥ እርግጥ ነው፤ ይሁንና ብዙ ጊዜ ያለ ርዕደ መሬት ይለዋወጣል፣ ብዙ ጊዜም ርዕደ መሬቱ ያለ እርሱ ይመጣል፤ ስለሆነም ቀንና ቦታ ለመቁረጥ አያበቃም። ባለሥልጣናቱ ግን ጭንቀታቸው ሳይንሳዊ ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡ መሸበሩ አሳስቧቸዋል። መጋቢት 30 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. መጠኑ 4.1 የሆነ ንዝረት በመድረሱ፣ በማግሥቱ የአገሪቱ የታላላቅ አደጋዎች ኮሚሽን አባላት የሆኑ ሊቃውንት በላኲላ ተሰበሰቡ። ስብሰባው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ፈጀ። የሲቪል መከላከያው የበላይ ኃላፊ ከስብሰባው በፊት በስልክ፣ ጉዳዩ ይልቁንም ሕዝቡን ለማረጋጋት የሚደረግ የመገናኛ ብዙኃን ሥራ መሆኑን ሲናገሩ የተቀዳ ድምፅ ከጊዜ በኋላ ይፋ ወጥቷል።

በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው አነጋገር ጥንቃቄ ያለበት ነው። የአገሪቱ የጂኦፊዚክስ ተቋም ፕሬዚዳንት ኤንዞ ቦስኪ፣ እንደ 1703ቱ ያለ መንቀጥቀጥ በቅርብ ጊዜ መድረሱ የማይመስል ቢሆንም ፈጽሞ አይሆንም ሊባል እንደማይቻል ገልጸዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር የትኛውም ፊዚሲስት ይፈርምበታል። ሕዝቡ ጆሮ የደረሰው ግን ይህ አልነበረም። የሲቪል መከላከያው የቴክኒክ ዘርፍ ምክትል ኃላፊ በርናርዶ ዴ በርናርዲኒስ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ለቴሌቪዥን በሰጡት ቃል፣ ጉልበቱ ያለማቋረጥ እየወጣ ስለሆነ ሁኔታው እንዲያውም መልካም መሆኑን የሳይንስ ሰዎች ነግረውናል አሉ። ጋዜጠኛው «እንግዲያስ አንድ ብርጭቆ ወይን እንጠጣ» በሚል መንፈስ ሲጠይቃቸው ተስማሙ፤ የአገሩንም ወይን በስሙ ጠሩ።

ሚያዝያ 6 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ32 ደቂቃ፣ መጠኑ 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ላኲላን መታ። 309 ሰዎች ሞቱ፤ ከ1500 በላይ ቆሰሉ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ።

«ጉልበቱ እየወጣ ነው»

እስቲ ይህን ዐረፍተ ነገር በእርሳስና በወረቀት እንፈትነው። የርዕደ መሬት መጠን የሚለካበት ስኬል ሎጋሪዝማዊ ነው። (ራዲዮኖቻችን እስከ ዛሬ «በሬክተር ስኬል» ይላሉ እንጂ አሁን ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ሞመንት ማግኒቲዩድ የሚባለውን ነው።) መጠኑ በ1 ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት 10 በ1.5 ሲነሣ በሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም በ32 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ በ2 ሲጨምር 1000 እጥፍ ይሆናል። አሁን 4.1ን ከ6.3 ጋር እናወዳድር። ልዩነቱ 2.2 ነው። 2.2 በ1.5 ሲባዛ 3.3 ይሰጣል፤ 10 በ3.3 ሲነሣ ወደ 2000 ይጠጋል። ስለዚህ የ6.3ን ጉልበት «ጥቂት በጥቂት» ለማስወጣት መጠናቸው 4.1 የሆኑ 2000 ንዝረቶች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። በላኲላ ከዋናው በፊት በነበሩት ወራት እንዲህ ያለ ንዝረት የደረሰው አንድ ጊዜ ነው። መጠናቸው 3 በሆኑ ንዝረቶች እናስወጣው ብንል ደግሞ ወደ 90000 ያህል ያሻናል።

ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ጉተንበርግና ሪክተር ያገኙት የታወቀ ሕግ እንደሚለው፣ መጠኑ በ1 በቀነሰ ቁጥር የንዝረቶቹ ብዛት በ10 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ብዛታቸው 10 እጥፍ ሲያድግ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ግን ከ32 አንድ እጅ ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ደረጃ ዝቅ ያሉት ሁሉ ቢደመሩ የበላያቸውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው የሚሸከሙት። ትንንሾቹ መቼም ቢሆን የታላቁን ዕዳ አይከፍሉለትም። አንድ ባልዲ ውኃ በማንኪያ እየቀዳን «እየጎደለ ነው» እንደ ማለት ነው፤ እርግጥ ነው እየጎደለ ነው፣ ግን ባልዲው ሙሉ ነው።

ትንንሾቹ ንዝረቶች የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው። በካሊፎርኒያ በተጠናው መዝገብ መሠረት፣ አንድ ንዝረት በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያው ሥፍራ ከእርሱ የሚበልጥ የሚከተልበት ዕድል ከ100 5 ወይም 6 ያህል ነው። ይህን ቁጥር ሁለት ሰዎች በሁለት ዓይን ያዩታል። አንዱ «ከ100 ወደ 94 ያህሉ ምንም አይመጣም፤ ተኛ» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ጸጥ ባለ ዘመን በአንድ ሳምንት ውስጥ ታላቅ ርዕደ መሬት የመድረሱ ዕድል እጅግ ኢምንት ስለሆነ፣ ትንንሽ ንዝረቶች ሲደጋገሙ ዕድሉ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያድግ እንደሚችል ያስተውላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ፊዚክስ ከዚህ በላይ አይሄድም፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ «ተኙ» ወይም «ውጡ» የሚል ፍርድ ከእኩልታው አይወጣም።

ሥነ ሰብእ በምስክር ሳጥን

ጥቅምት 22 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. የላኲላ ፍርድ ቤት ስድስት የሳይንስና የምሕንድስና ሰዎችን ከዴ በርናርዲኒስ ጋር ጥፋተኛ ብሎ እያንዳንዳቸውን በ6 ዓመት እሥራት ቀጣ። ዓቃቤ ሕግ የጠየቀው 4 ዓመት ነበር። በማግሥቱ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር የነበሩት፣ ከዚህ ቀደም የሰርን ዋና ዳይሬክተር ሆነው የሠሩት ፊዚሲስት ሉቺያኖ ማያኒ ሥራቸውን ለቀቁ። ገና ክሱ ሲጀመር ከ5000 የሚበልጡ የሳይንስ ሰዎች ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት የተቃውሞ ደብዳቤ ፈርመው ነበር። በዓለም ዙሪያ «ሊቃውንት ርዕደ መሬትን ባለመተንበያቸው ታሰሩ» ተባለ፤ የጋሊሊዮ ስም ተነሣ። እኛም በዚያ ወቅት በክፍል ውስጥ ይህንኑ ደግመናል። ደብዳቤውን የመፈረም ዕድል ባናገኝም በልባችን ፈርመናል።

ክሱን በሚገባ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ዓቃቤ ሕግ «ለምን አልተነበያችሁም?» አላለም፤ መተንበይ እንደማይቻል ራሱ ተቀብሎ ነበር። ያለው፦ የተሰበሰባችሁት አደጋውን ልትመዝኑ ነበር፤ የከተማይቱን ደካማ ሕንጻዎችና የሕዝቡን ብዛት አልመዘናችሁም፤ ሕዝቡም የሰማው ባዶ ማጽናኛ ነው፤ በዚህ የተነሣ መውጣት የነበረባቸው ሰዎች ቤታቸው ቀሩ። ክሱ ያተኮረው በ29 ሟቾች ላይ ነበር።

ይህን ለማስረዳት ወደ ምስክር ሳጥኑ የቀረበው ሌላ ፊዚሲስት አልነበረም፤ የላኲላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሰብእ መምህር አንቶኔሎ ቺኮዚ ነበር። የእርሱ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ያ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደው «ሲነቀንቅ ውጣ» የሚለው ልምድ፣ የሕዝቡ የመከላከያ ዕውቀት ነው። በሳይንስ ስም የተነገረው ቃል ይህን ልምድ እንደ አላዋቂ ሰው ፍርሃት አስቆጠረው፤ ሰዎችም ከአባቶቻቸው ይልቅ ሊቃውንቱን አመኑ። በችሎቱ ከቀረቡት ምስክሮች አንዱ የከተማይቱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። በዚያች ምሽት ከመኝታ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ሌላ ጊዜ ንዝረት ተሰማ። ሐኪሙ በልጅነቱ አባቱ በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ይወጣ እንደነበር አስታወሰ። ነገር ግን የተማረ ሰው ነውና፣ «ጉልበቱ እየወጣ ነው» የሚለውን አስቦ ሚስቱንና ልጁን አረጋግቶ አስቀራቸው። ሁለቱም ሞቱ፤ እርሱ ከፍርስራሹ ውስጥ በሕይወት ወጣ።

ይህን ስናነብ በኮሪደር ያስቆመችን ተማሪ ፊታችን ላይ ድቅን አለች።

የልምዱ ጥቅም ርዕደ መሬትን መተንበዩ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ወጥቶ ያደረ ሰው በከንቱ በርዶት ይመለሳል። ነገር ግን የስሕተቱ ዋጋ አንድ ሌሊት መበረድ ነው፤ ባለመውጣት የሚደርሰው ስሕተት ዋጋ ሕይወት ነው። ዕድሉ ከ100 1 ብቻ ቢሆን እንኳ ይህን ውል የሚያፈርስ አስተዋይ ነጋዴ አይኖርም። የላኲላ አያቶች የዕድል ስሌት አልተማሩም፤ ያስሉት ግን ነበር።

በሻይ ክበብ

ጉዳዩን ካነሣነው በኋላ ለብቻችን ልንጨርሰው ስላልቻልን በመምህራን ሻይ ክበብ ለሦስት ባልደረቦቻችን አቀረብነው። አንደኛው የሕግ መምህር፣ ሁለተኛዋ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተመራማሪ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሲቪል መሐንዲስ ናቸው። እንስማማለን ብለን ነበር፤ አልተስማማንም።

የሕግ መምህሩ የቺኮዚን ትንታኔ አደነቁና ወዲያው ደግሞ ተጠራጠሩት። «ሕዝቡ በአጠቃላይ ልምዱን ተወ ማለት አንድ ነገር ነው፤ እገሌ የተባለው ሰው በዚያች ሌሊት ቤቱ የቀረው በዚህ ቃል ምክንያት ነው ማለት ግን ሌላ ነው። ሰው የሚታሰረው በአማካይ አይደለም» አሉ። ይህ አነጋገር ለፊዚሲስት እንግዳ አይደለም። ከብዙ የራዲየም አቶሞች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ስንቱ እንደሚፈርስ በትክክል እንናገራለን፤ ይኸኛው አቶም ዛሬ ለምን ፈረሰ ተብለን ብንጠየቅ ግን መልስ የለንም። ሕግ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ስለዚያ ስለ አንዱ አቶም ነው። በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. የይግባኙ ፍርድ ቤት የወሰነውም ከባልደረባችን ሐሳብ የራቀ አይደለም፦ ስድስቱን በነጻ አሰናበተ፤ የዴ በርናርዲኒስን ቅጣት ወደ 2 ዓመት ዝቅ አደረገው። ሕዝቡን ያዘናጋው ቃለ መጠይቁ እንጂ የሊቃውንቱ ምክክር እንዳልሆነ፣ ከሟቾቹም ለአንዳንዶቹ ብቻ ቃሉ ምክንያት መሆኑ በዘመዶቻቸው ምስክርነት እንደተረጋገጠ ተቀበለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ሰበር ችሎት ይህን አጸና።

ፍርዱ በሕግ ረገድ ትክክል ይመስለናል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አሁንም ይከነክነናል። በስሙ የተሳሳተ ፊዚክስ በቴሌቪዥን የተነገረበት ሊቅ፣ በነጋታው ያንን ቴሌቪዥን ጠርቶ «እንዲህ አላልንም» ማለት አይገባውም ነበርን? ይህ የወንጀል ሕግ ጥያቄ ላይሆን ይችላል። የሙያ ጥያቄ መሆኑን ግን አንጠራጠርም።

መሐንዲሱ ሁላችንንም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «እናንተ ስለ መኝታ ሰዓት ትከራከራላችሁ፤ ሰው የገደለው ሕንጻ ነው» አሉ። በላኲላ የተማሪዎች ቤት በተባለው ሕንጻ ብቻ 8 ወጣቶች ሞተዋል። ዕድሜያቸው የእኛ ተማሪዎች ዕድሜ ነው። መጠኑ 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ፣ በደንብ የታሰበበት ብረትና ሲሚንቶ ባለበት ከተማ፣ ያን ያህል ሰው ባልገደለ ነበር። «ውጡ» ወይም «ተኙ» የሚለው ክርክር የሚነሣው ሕንጻው ሳይታመን ሲቀር ብቻ ነው።

ተመራማሪዋ ግን በዚህም አላበቁም። ለመውጣት እኮ መውጫ ያስፈልጋል አሉ፤ መኪና ያለው በመኪናው ያድራል፤ በአምስተኛ ፎቅ አሮጊት እናቱን የሚያስታምመው ሰው ወዴት ይወጣል? ወደ ፈንታሌም ወሰዱን። ከእንጨትና ከሰሌን የተሠራው የአርብቶ አደሩ የአፋር ጎጆ ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም፤ በከተሞቹ ያለው የብሎኬት ቤት ግን ይገድላል። አንዱ መንቀጥቀጥ ለሁለት ጎረቤታሞች ሁለት ዓይነት አደጋ ነው። «ሠለጠነ» የምንለው ቤት በአግባቡ ካልተሠራ ከጎጆው የባሰ መሆኑን በወቅቱ ያየነው ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ሰነድ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት ካናዳዊው ፒየር ጉዌን በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ መጽሐፍ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ማጀቴን ያወደመውንና ካራቆሬን የጎዳውን ተከታታይ መንቀጥቀጥ በመሣሪያ መዝገብ ተንትኗል። መሣሪያ ላልነበረበት ዘመን ደግሞ ወደ ዜና መዋዕልና ወደ ተጓዦች ማስታወሻ ዞሯል። ሲስሞግራፍ የጎደለውን ጸሐፌ ትእዛዝ ሞልቶታል ማለት ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የአደጋ ካርታ የሚሠራ ሁሉ የእነዚያ ጸሐፊዎች ባለ ዕዳ ነው።

ከችሎቱ ውጪ ሳይንሱም አልተኛም። የኢጣሊያ መንግሥት ከአደጋው በኋላ ወዲያው በአሜሪካዊው ቶማስ ጆርዳን የሚመራ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሰይሞ ነበር። ኮሚሽኑ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ሊቃውንት የመከሰት ዕድልን ያለማቋረጥ እያሰሉ በግልጽ እንዲያሳውቁ፣ ዕድሉ ዝቅተኛ በሚሆንበትም ጊዜ ዝም እንዳይሉ መከረ። ዝምታው ባዶ ሆኖ አይቆይምና፤ የራዶን ተንባዮች ወይም የወይን ብርጭቆ ይሞሉታል።

የገና በዓል አልፎ ትምህርት ሲጀመር፣ በዚያው ክፍል ቆመን የሰጠነውን መልስ ሰረዝን። 2000ውን ቁጥር በሰሌዳው ላይ አሰላን። የካሊፎርኒያው 5 እና 6 እንደ ወረደ ለፈንታሌ እንደማይሠራም አስረዳን፤ እዚያ ከመሬት በታች ቅልጥ አለት አለቱን እየሰነጠቀ ይገባ ስለነበር የንዝረቱ ጠባይ ይለያል። ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ መጠኑ ወደ 6 የሚደርስ፣ ከታኅሣሡ የበለጠ መንቀጥቀጥ ደረሰ። የወጣ የመሰለን ጉልበት አልወጣም ነበር።

ያቺ ተማሪ ከክፍል በኋላ ቀርባ፣ ከመጀመሪያው መልሳችን በኋላ የክፍል ጓደኞቿን ሁሉ ከሜዳው ወደ ዶርም መልሳ አስገብታቸው እንደነበር ነገረችን። «መምህር ብለዋል ስላቸው አመኑኝ» አለችን። ለሕግ መምህሩ ይህን ስንነግራቸው ብዙ ዝም አሉና፣ «ያን ሌሊት ሕንጻው ቢወድቅ ኖሮ፣ ቃሉን ከእናንተ የሰሙት ስንቶቹ፣ ከእርሷ የሰሙት ስንቶቹ ነበሩ ብዬ ነበር የምጀምረው» አሉ። እስካሁን አልቆጠርናቸውም።